ለአገራቸው ተረት የሠሩት ቶልኪን እና ከመጻሕፍታቸው የተወለደው የጠረጴዛ ጨዋታ

አራት ወይም አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። በፊታቸው ወረቀት፣ እርሳስ፣ በእጅ የተሣለ ካርታ እና ጥቂት ዳይሶች አሉ። ገበጣ አይደለም፤ ዳማም አይደለም። የሚቆጠር ጠጠርም ኾነ በመጨረሻ የሚሸነፍ ተጋጣሚ የለበትም። ከተቀመጡት አንዱ ተራኪ ይኾናል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ምናባዊ መንገደኛን ስም፣ ወገን፣ ሙያ እና ጠባይ ተላብሰው ወደ ተረቱ ይገባሉ። ተራኪው ከፊታቸው የሞላ ወንዝ እንዳለና ድልድዩ እንደፈረሰ ይነግራቸዋል፤ እነርሱም ተማክረው የሚያደርጉትን ይወስናሉ። ውሳኔያቸው ይሰምር እንደኾነ የሚታወቀው ዳይሱ ሲወረወር ነው። ተረቱ በዚህ መልክ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል። ጨዋታው ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ መብራት በጠፋበት ምሽት በኩራዝም ይኼዳል።

ከዚህ ዓይነት ጨዋታዎች በዓለም ከታወቁት መካከል አንዱ «አንዱ ቀለበት» ይባላል። የተቀዳውም እንግሊዛዊው ደራሲ እና የቋንቋ ሊቅ ጆን ሮናልድ ሩኤል ቶልኪን ከጻፏቸው ልቦለዶች ነው። ቶልኪን ያረፉት በ1973 ነው። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ጨዋታ ለገበያ የቀረበው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት በ1974 ነው። በዚህም የተነሳ በእርሳቸው ዓለም ውስጥ የሚወረወረውን ዳይስ ለማየት አልታደሉም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእኒህ ሰው ሕይወት ፑኝዶ ላይ ለሚኖር አንባቢ ሩቅ ይመስል ይኾናል። ነገር ግን በጊሎ ወንዝ ዳር ተወልዶ፣ ከውኃ ስለወጣው ሰው እና ስለ ንግሥና ዶቃዎች የሚነገረውን የአኝዋሃ ጥንታዊ ታሪክ እየሰማ ያደገ ሰው የቶልኪንን መጻሕፍት ቢያነብ ብዙ የሚያውቀው ነገር ያገኛል። ወደ ዶቃዎቹ በኋላ እንመለሳለን። አስቀድመን ግን የሰውየውን ታሪክ ከመነሻው እንያዝ፤ መነሻውም አፍሪካ ነው።

ቶልኪን ጃንዋሪ 3 ቀን 1892 ዛሬ ደቡብ አፍሪካ በምትባለው አገር፣ ብሉምፎንቴን በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አርተር የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ከልጅነታቸው የአፍሪካ ዘመን በሕይወት ታሪካቸው ተደጋግሞ የሚነሣው አንድ ገጠመኝ ነው። በእግራቸው መሄድ በጀመሩበት ሰሞን በቤታቸው ግቢ አንድ ትልቅ ሸረሪት ነደፋቸው፤ ሞግዚታቸው መርዙን በአፏ መጥጣ አወጣችላቸው። በኋላ በጻፏቸው መጻሕፍት ውስጥ አስፈሪ ግዙፍ ሸረሪቶች ደጋግመው መታየታቸውን ከዚህ ጋር የሚያያይዙ አሉ። እርሳቸው ራሳቸው ግን ሸረሪትን እንደማይፈሩ ይናገሩ ነበር።

በ1895 እናታቸው ሜብል ሮናልድን እና ታናሽ ወንድሙን ሂለሪን ይዘው ወደ እንግሊዝ ተጓዙ። የብሉምፎንቴን ሙቀት ለሕፃኑ አልተስማማውም ነበር። አባትየው ሥራቸውን አጠናቀው ሊከተሏቸው ቀጠሮ ነበራቸው፤ ነገር ግን በፌብሩዋሪ 1896 በዚያው በአፍሪካ ታምመው ሞቱ። ልጁ የ4 ዓመት ሕፃን ነበር።

እናት ልጆቻቸውን ይዘው በበርሚንግሃም ከተማ ዳርቻ ሴርሆል በምትባል መንደር ቤት ተከራዩ። መንደሯ የእህል ወፍጮ፣ የውኃ ግድብ፣ ማሳ እና ዛፎች ነበሯት። ቶልኪን በዚያ የቆዩት ለ4 ዓመታት ያህል ብቻ ቢኾንም እስከ ሞታቸው ድረስ የልባቸው አገር ያቺ መንደር ኾና ቀረች። በኋላ ሆቢት ብለው የሰየሟቸው፣ ቁመታቸው የሰውን ግማሽ የሚያህል፣ ማሳቸውን የሚወድዱ፣ በቀን ስድስት ጊዜ ቢበሉ የማይጠሉ ትንንሽ ሰዎች አገር ከሴርሆል ተቀድታለች። የመጀመሪያዋ መምህራቸውም እናታቸው ነበሩ። ላቲን፣ የፈረንሳይኛ መሠረት፣ የዕፅዋት ስም እና ሥዕል ከእርሳቸው ተማሩ።

በ1900 ሜብል ወደ ካቶሊክ እምነት ገቡ። ዘመዶቻቸው በዚህ ተቆጥተው ይሰጧቸው የነበረውን ድጋፍ አቋረጡ። ድህነት ተከተለ፤ በኋላም የስኳር በሽታ። የስኳር በሽታን የሚያስታግሰው ኢንሱሊን ሊገኝ ገና 17 ዓመታት ሲቀሩት፣ በ1904 ሜብል በ34 ዓመታቸው ዐረፉ። ቶልኪን 12 ዓመታቸው ነበር። እናታቸው ከመሞታቸው በፊት የልጆቹን ሞግዚትነት ፍራንሲስ ሞርጋን ለተባሉ ካህን ሰጥተው ነበር። ካህኑም ከራሳቸው ገንዘብ ጭምር እያወጡ ሁለቱን ወንድማማቾች አሳደጉ፤ አስተማሩም።

የፑኝዶ ነዋሪ ወላጅ ማጣትን ከመጽሐፍ አይማርም። ከ1987 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ፣ ወላጅ ያልተከተላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች በፑኝዶ መጠለያ ኖረዋል። በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ከዚያ ሲሸሹ በክረምቱ የሞላውን ጊሎን ለመሻገር ተገደዱ፤ ብዙዎችም በወንዙ ውስጥ ቀሩ። የቶልኪን ወላጅ አልባነት ከዚህ ጋር የሚመዘን አይደለም፤ ጣሪያም ትምህርት ቤትም ነበራቸው። ይኹን እንጂ ቁስሉ በመጽሐፋቸው ውስጥ ይታያል። የታላቁ ልቦለዳቸው ባለታሪክ ፍሮዶ ወላጆቹን ያጣው በልጅነቱ ነው። ሁለቱም በጀልባ ላይ ሳሉ ወንዝ በላቸው። በመጽሐፉ መሠረት ልጁ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 12 ነበር።

ቶልኪን በትምህርት ቤት ሳሉ የቋንቋ ፍቅር ያዛቸው። በቤታቸው አጠገብ በሚያልፈው ባቡር የድንጋይ ከሰል ፉርጎዎች ላይ የተጻፉት የዌልስ ቦታዎች ስሞች ትርጉማቸውን ሳያውቁ በድምፃቸው ብቻ ማረኳቸው። በኋላ የፊንላንድን ቋንቋ ሰዋስው አገኙ፤ በእርሱም ሰከሩ ማለት ይቻላል። የራሳቸውንም ቋንቋዎች ይፈጥሩ ነበር። ክዌንያ የሚሏት ቋንቋቸው (ከጎረቤታችን አገር ጋር በስም ብቻ የምትመሳሰል) የፊንላንድን ለዛ፣ ሲንዳሪን የሚሏት ደግሞ የዌልስን ለዛ የያዙ ናቸው። ኑዌር፣ አኝዋሃ፣ መዠንግር፣ ኦፖ እና ኮሞ በየቋንቋቸው በሚነጋገሩበት ክልል ለሚኖር ሰው ይህ ለምን እንደሚያስደስት ማስረዳት አያስፈልግም። ቶልኪን ግን ከዚያ አንድ ርምጃ አለፉ። ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝብ ያስፈልገዋል፤ ሕዝብም ታሪክ፣ ተረት እና አገር ያስፈልገዋል ብለው አመኑ። ሌሎች ደራሲዎች ተረት ጽፈው ስም ያወጡለታል፤ እርሳቸው ግን ስሞቹን አስቀድመው፣ ተረቱን ከስሞቹ አበቀሉ።

በ16 ዓመታቸው በአንድ የኪራይ ቤት የምትኖር ኤዲት ብራት የተባለች ወላጅ አልባ ልጅ ወደዱ። በ3 ዓመት ትበልጣቸው ነበር። ሞግዚታቸው ካህን ትምህርታቸው እንዳይሰናከል ሰግተው፣ 21 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከእርሷ ጋር እንዳይገናኙም እንዳይጻጻፉም ከለከሏቸው። ቶልኪን ትዕዛዙን አከበሩ። 21 ዓመት የሞሉበት ቀን እንደገባ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ቁጭ ብለው ደብዳቤ ጻፉላት። መልሷ ከሌላ ሰው ጋር መታጨቷን የሚገልጽ ነበር። ባቡር ተሳፍረው ሄዱ፤ ቀኑን ሙሉ ሲነጋገሩ ዋሉ፤ ኤዲትም የዚያን ሰው የቃል ኪዳን ቀለበት መለሰች። በማርች 1916 ተጋቡ። ከሠርጉ ከሦስት ወራት ያህል በኋላ ሙሽራው ወደ ፈረንሳይ ጦር ግንባር ዘመቱ።

ቶልኪን በትምህርት ቤት ሳሉ ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር የሻይ ማኅበር መሥርተው ነበር። ሮብ ጊልሰን፣ ጂኦፍሪ ስሚዝ እና ክሪስቶፈር ዋይዝማን ይባላሉ። አራቱም ዓለምን በሥነ ጽሑፍ እና በኪነ ጥበብ እንደሚለውጡ ያምኑ ነበር። ጁላይ 1 ቀን 1916 የእንግሊዝ ጦር በሶም ወንዝ አካባቢ ማጥቃት ሲጀምር በአንድ ቀን ብቻ ከ19 ሺህ በላይ ወታደሮቹ ሞቱ። ጊልሰን ከእነርሱ አንዱ ነበር። ቶልኪን የመልእክት መገናኛ መኮንን ኾነው በዚያው ውጊያ ውስጥ ወራትን አሳለፉ። በመጨረሻም ቅማል የሚያስተላልፈው የምሽግ ትኩሳት ያዛቸውና በኖቬምበር ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። በዲሴምበር ደግሞ ስሚዝ ቆስሎ ሞተ። ስሚዝ ከመሞቱ በፊት ለቶልኪን በላከው ደብዳቤ፣ እርሱ ቢሞት እንኳ ሊናገር የፈለገውን ቶልኪን እንዲናገሩለት አደራ ብሎ ነበር።

በሆስፒታል አልጋ ላይ ኾነው መጻፍ ጀመሩ። በ1917 መግቢያ አካባቢ በአንድ ተራ ደብተር ላይ የጠፉ ተረቶች የሚል ርእስ ሰጥተው የጻፏቸው ታሪኮች የኋለኛው ሥራቸው ሁሉ ሥር ናቸው። ግሪኮች፣ ፊንላንዶች እና የሰሜን ሕዝቦች የየራሳቸው የጥንት ተረት አላቸው፤ እንግሊዝ ግን በወረራ እና በዘመን ብዛት የራሷን አጥታለች ብለው ያዝኑ ነበር። ለአገራቸው የጠፋባትን ሊሠሩላት ተነሡ። ከተራ ወታደሮች ጋር የኖሩበት ጊዜም በሥራቸው ታትሟል። ፍሮዶን እስከ መጨረሻው የሚከተለው አትክልተኛው ሳም፣ በጦርነቱ ካወቋቸው እና ከራሳቸው አስበልጠው ካከበሯቸው ተራ ወታደሮች የተሣለ ነው።

አርሶ አደር አንባቢ ስለ ሳም ጥቂት መቆየት ይገባዋል። በታላቁ ልቦለድ መጨረሻ ጦርነቱ አልቆ ጓደኛሞቹ ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ዛፎቹ ተቆርጠው፣ ወፍጮው ተበላሽቶ፣ ወንዙ ቆሽሾ ያገኙታል። ሳም ከአንዲት ንግሥት የተሰጠው አንዲት ትንሽ ሣጥን አፈር እና አንድ ዘር ነበረው። ሀብት እና ሥልጣን ከተሰጣቸው ይልቅ የተሻለ ነገር የሠራው እርሱ ነው። አፈሩን ቆንጥሮ ቆንጥሮ ዛፍ በተቆረጠበት ቦታ ኹሉ በተነው። በማግሥቱ ዓመት የአገሩ እህል እና ፍሬ ከመጠን በላይ ኾነ። በእኔ ግምት ከመጽሐፉ ውጊያዎች ኹሉ ይህ ክፍል ይበልጣል። የቶልኪን ወንድም ሂለሪ ከጦርነት ተመልሰው ፍራፍሬ አልሚ መኾናቸውን ሲያስቡት ደግሞ ነገሩ ከየት እንደመጣ ይገባል።

ከጦርነቱ በኋላ ቶልኪን በታላቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ዝግጅት ላይ ጥቂት ሠሩ። ከዚያም በሊድስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1925 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ኾኑ። እስከ 1959 በዚያው ቆዩ። አራት ልጆች ወለዱ፤ ደመወዛቸው ስለማያዳርሳቸው በክረምት የተማሪዎችን የፈተና ወረቀት በክፍያ ያርሙ ነበር።

በዚሁ የመምህርነት ዘመናቸው ከአገራችን ስም ጋር የተያያዘ ሥራ ሠርተዋል። ከሺህ ዓመታት በፊት የተጻፉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ኢትዮጵያውያንን ሲጌልኸርዋን፣ አገራቸውንም የሲጌልዋራ ምድር ብለው ይጠሯቸዋል። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ማለት ከግብጽ በስተደቡብ ያለው የጥቁር ሕዝብ ምድር በሙሉ ነበር። ቶልኪን በዚህ አንድ ቃል ላይ ረጅም ጥናት ጽፈው በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል አሳተሙ። የቃሉ መጀመሪያ ፀሐይን ወይም ዕንቁን፣ መጨረሻው ደግሞ ፍም ወይም ጥላሸትን ሊያመለክት እንደሚችል ገመቱ። ቃሉ የጥንት እንግሊዞች ስለ ኢትዮጵያ ከመስማታቸው በፊት የነበረ፣ ዐይናቸው እንደ ፍም የሚያበራ የእሳት ፍጥረታትን የሚገልጽ የጠፋ ተረት ቅሪት ሊኾን ይችላል አሉ። በልቦለዳቸው ውስጥ ያለውን፣ ባልሮግ የተባለውን የእሳትና የጥላ ፍጥረት ተመራማሪዎች ከዚህ ጥናት ጋር ያገናኙታል።

እዚህ ላይ ለአፍሪካዊ አንባቢ ደስ የማይል ነገር አለ፤ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በቶልኪን ልቦለድ ከደቡብ የሚመጡት፣ በዝሆን ላይ የሚዋጉት ጠቋር ሕዝቦች የክፉው ገዥ ተባባሪዎች ናቸው። አገራቸው አይታይም፤ ተረታቸው አይነገርም። የሩቁን የሌላ ቆዳ ሰው ከጥላሸት እና ከእሳት ጋር ያያያዘው የጥንቱ ቃል ጥላ በመጽሐፉም ላይ አርፏል ማለት ይቻላል። ለእውነት ግን ሌላውንም መጨመር ይገባል። ሳም ከእነዚያ የደቡብ ተዋጊዎች አንዱ ሞቶ ሲያይ፣ የሰውየው ስም ማን እንደነበር፣ በእርግጥ ክፉ ነበር ወይስ ተዋሽቶ ወይም ተገድዶ ከቤቱ ወጣ ብሎ ያስባል። ሰውዬው ቶልኪንም በሕይወታቸው በዘር መከፋፈልን አይወዱም ነበር። በ1938 የጀርመን አሳታሚ ዘራቸው ንጹሕ መኾኑን እንዲያረጋግጡ ሲጠይቃቸው ተቆጥተው የሰላ መልስ ጻፉ። በ1959 ከዩኒቨርሲቲው ሲሰናበቱ ባደረጉት ንግግርም የትውልድ አገራቸውን የአፓርታይድ ሥርዓት ከልብ እንደሚጠሉ በአደባባይ ተናግረዋል።

ወደ መጻሕፍቱ እንመለስ። አንድ ቀን ቶልኪን የፈተና ወረቀት ሲያርሙ አንድ ተማሪ ባዶውን የተወው ገጽ አገኙ። ምክንያቱን ሳያውቁት በምድር ጉድጓድ ስለሚኖር አንድ ሆቢት የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ጻፉበት። ሆቢት የሚለው ቃል ምን እንደኾነ እርሳቸውም አያውቁም ነበር። ከዚያች ዐረፍተ ነገር ለልጆቻቸው የሚነግሩት ተረት ተወለደ። ረቂቁ ለአሳታሚ ሲደርስ አሳታሚው ለ10 ዓመት ልጃቸው እንዲያነብበው ሰጡት። ልጁም በአንድ ሽልንግ ክፍያ አስተያየቱን ጻፈ፤ ወደደው። «ሆቢት» የተባለው መጽሐፍ በሴፕቴምበር 1937 ታተመ።

አሳታሚው ተከታይ ሲጠይቁ ቶልኪን በዚያው ዓመት መጨረሻ ጀመሩ። ለመጨረስ ግን 12 ዓመታት ገደማ ፈጀባቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ዘመቱ፤ ወረቀት ተወደደ። ለታይፕ ጸሐፊ የሚከፍሉት ስላልነበራቸው ከአንድ ሺህ ገጽ የሚበልጠውን መጽሐፍ ራሳቸው ተየቡት። «የቀለበቶቹ ጌታ» በ1954 እና በ1955 በሦስት ጥራዝ ወጣ። በአንድ ሽልንግ አስተያየት የሰጠው ልጅ አድጎ የአባቱን ድርጅት ያግዝ ነበር፤ መጽሐፉ ድርጅቱን አንድ ሺህ ፓውንድ ሊያከስር እንደሚችል እያወቀ እንዲታተም ለአባቱ መከረ። ኪሳራውን ለመከላከልም ለደራሲው ቅድሚያ ክፍያ ሳይሰጥ፣ ትርፍ ከተገኘ እኩል ለመካፈል ተዋዋሉ። ያ ውል ቶልኪንን ባለጸጋ አደረጋቸው።

ታሪኩ ሲጠቀለል አንድ ቀለበት ነው። ቀለበቱን የያዘ በሌሎች ላይ ሥልጣን ያገኛል፤ ነገር ግን የያዘው ኹሉ ቀስ በቀስ ይበላሻል። ለበጎ ልጠቀምበት ያለው ጭምር። ስለዚህ ቀለበቱን ለመጠቀም ሳይኾን ለማጥፋት አንድ ትንሽ ሆቢት እስከ እሳተ ገሞራው አፍ ይጓዛል።

በ1960ዎቹ መጽሐፉ በአሜሪካ በርካሽ ዋጋ ሲታተም ወጣቶች ተረባረቡበት። አንዳንዶቹ በሌሊት ስልክ እየደወሉ ያስቸግሯቸው ስለነበር አዛውንቱ አድራሻቸውን ሠውረው ቦርንመዝ ወደተባለች የባሕር ዳር ከተማ ሄዱ። ኤዲት በ1971 ዐረፉ። ቶልኪንም ሴፕቴምበር 2 ቀን 1973 በ81 ዓመታቸው ተከተሏቸው። በኦክስፎርድ በአንድ መቃብር ተቀብረዋል። በድንጋዩ ላይ ከስማቸው ሥር ሉቲየን እና ቤረን የሚሉ ስሞች ተቀርጸዋል፤ በቶልኪን ተረት ውስጥ ለፍቅር ሲሉ ሞትን የተጋፈጡ ጥንዶች ናቸው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 11፣ በዚያው በኦክስፎርድ ሌላ ፕሮፌሰር ዐረፉ፤ ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ይባላሉ። እንደ ቶልኪን ኹሉ በኤክሴተር ኮሌጅ የተማሩ ነበሩ። ጋምቤላ ግን በሌላ ነገር ታውቃቸዋለች። በ1935 በአኝዋሃዎች መካከል ጥናት አደረጉ፤ በ1940 እና በ1941 ደግሞ ጠመንጃ ከያዙ አኝዋሃዎች ጋር በአኮቦ እና በጊሎ ወንዞች ዳር ጣሊያንን ተዋጉ። ስለ ኑዌር የጻፉት መጽሐፍ ዝነኛ ነው። በ1940 ባሳተሙት የአኝዋሃ ጥናት ደግሞ የዶቃዎቹን ታሪክ መዝግበዋል። ኦቹዶ የተባለ ሰው ከወንዝ ይወጣል፤ በዓሣ የሚጣሉ ልጆችን ያስታርቃል፤ ወደ መንደር ይወሰዳል። የመሳፍንቱ ዘር ከእርሱ ይቆጠራል። የንግሥናው ምልክትም ጥንታዊ የዶቃ ሐብሎች ናቸው። ሐብሎቹን የያዘ ንጉሥ ነው፤ ስለዚህ መሳፍንቱ እነርሱን ለመያዝ ትውልድ ከትውልድ ተፋልመዋል። ከአኝዋሃ ጋር በቋንቋ የሚዛመዱት የደቡብ ሱዳን እና የኡጋንዳ ሕዝቦችም በጠፋ ጦር እና በተዋጠ ዶቃ ምክንያት ስለተለያዩ ወንድማማቾች ይተርካሉ።

ቶልኪን ለእንግሊዝ ጠፋ ብለው ያዘኑለት ዓይነት ተረት ይህ ነው፤ ከጊሎ ዳር ግን አልጠፋም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ቶልኪን በ1951 አካባቢ ለአንድ አሳታሚ በጻፉት ረጅም ደብዳቤ፣ የተረቱን ዋና ዋና ክፍሎች ራሳቸው ጽፈው ሌላውን በንድፍ ብቻ በመተው፣ ሥዕል፣ ዜማ እና ድራማ የሚያውቁ ሌሎች እጆች እንዲሞሉት ተመኝተው እንደነበር ገልጸዋል። ወዲያውም በራሳቸው ምኞት ተሳልቀዋል። የመጀመሪያው ሌላ እጅ የልጃቸው ነበር። ክሪስቶፈር የአባታቸውን ረቂቆች አሰናድተው በ1977 «ሲልማሪሊዮን»ን አሳተሙ፤ እስከ እርጅናቸውም ይህንኑ ሲሠሩ ኖሩ። ሁለተኛው እጅ ማንም ያላሰበው የጨዋታ ጠረጴዛ ኾነ።

በ1974 አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ አንድ ሺህ ቅጂ አትመው ለገበያ አቀረቡ። ሆቢቶች እና ባልሮጎች ከነስማቸው ገብተውበት ነበር። የመብት ባለቤቶች ሲያስጠነቅቋቸው ስሞቹን አወጡ። ከዚያ በኋላ በፈቃድ የተሠሩት ተከተሉ። በ1984 አይረን ክራውን የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በመካከለኛይቱ ምድር የሚካሄድ ጨዋታ አወጣ። በ2011 ደግሞ ጣሊያናዊው ፍራንቸስኮ ኔፒቴሎ ያዘጋጁት «አንዱ ቀለበት» ወጣ።

የኔፒቴሎ ጨዋታ ደራሲውን የተረዳ ነው። ከዳይሶቹ አንዱ 12 ገጽ አለው። አሥሩ ላይ ቁጥር፣ በአንዱ የበጎው ጠቢብ የጋንዳልፍ ምልክት፣ በቀረው የክፉው ገዥ ዐይን ተቀርጿል። መንገደኞቹ ለጉዞ ሲነሡ አራት ኃላፊነት ይከፋፈላሉ፦ መንገድ መሪ፣ ቃፊር፣ ጠባቂ እና አዳኝ። እያንዳንዱ ተጫዋች በወረቀቱ ላይ ተስፋ እና ጥላ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ይመዘግባል። የዋሸ፣ የሰረቀ፣ ያለ አግባብ የገደለ፣ ወይም የተረገመ ሀብት አይቶ የጎመዠ ጥላው ይጨምራል። ጥላው ከተስፋው ጋር ሲስተካከል የቱንም ያህል ብርቱ ቢኾን ራሱን መቆጣጠር ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ በጠረጴዛው ላይ ትልቁ አደጋ ከጠላት ሰይፍ ይልቅ የራስ ምኞት ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉዞው ይቆማል፤ መንገደኞቹ ወደየቤታቸው ተመልሰው ያርፋሉ፣ ቁስላቸውን ያክማሉ፣ ያዩትን ይተርካሉ።

እንዲህ ያለው ሕግ ከመካከለኛይቱ ምድር ወደ ሌላ ምድር ቢዛወር አይሰበርም። በካርታው ላይ ባሮን፣ አልዌሮን፣ ጊሎን እና አኮቦን መሣል ይቻላል። የረጅሙን ሣር መንገድ የሚያውቅ መሪ፣ የክረምቱን ሙላት የሚያይ ጠባቂ አይጠፋም። በቀለበቱ ፈንታ ሐብሉ አለ፤ ለእርሱ የጎመዡ መሳፍንትም ብዙ ናቸው። ዳይስ ከሱቅ፣ ወረቀት ከተማሪ ደብተር ይገኛል። የተራኪውን ወንበር ማን ይያዝ የሚለው ግን በጎግ ወረዳ መንደሮች ብዙ አያከራክርም፤ ታሪኩን ከአያቶቻቸው የሰሙ አረጋውያን አሉ።